ምሰሶ ላይ የተደፋው ስኒ፦ ካፊያ ሲያካፋ መብራት ለምን ይጠፋል?

የበጋው አቧራ ወራት ሙሉ ሲቦን ከርሞ የበልግ ደመና የመጀመሪያዋን ካፊያ ጣል ሲያደርግ ምን እንደሚከተል የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። መሬቱ ሳይርስ፣ የታጠበ ልብስ ከገመድ ሳይወርድ፣ መብራት ድርግም ይላል። «መብራታችን ደመና ሲያይ ይደነግጣል» ብለን እየሳቅን ሻማ ፍለጋ መሳቢያ እንበረብራለን። ሐምሌ ላይ ግን ዶፉ ሲወርድ ውሎ መብራቱ ሳይነቃነቅ የሚያድርበት ቀን አለ። ጥቂት ጠብታ ያጠፋውን መብራት ጎርፍ ካላጠፋው፣ ጥፋቱን ሁሉ በውሃ ላይ መጫን አይቻልም።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ይከነክናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከዚያ ወዲህ «ኃይል አንሶ ነው» የሚለው ሰበብ ጉልበቱ ደክሟል፤ «ታዲያ እኔ ቤት ለምን ይጠፋል?» የሚል ሰው እውነት አለው። መልሱን ጉባ ድረስ ሄዶ መፈለግ አያስፈልግም፤ ያለው ከጉባ እስከ ቤቱ ቆጣሪ በተዘረጋው መንገድ ላይ ነው። ስለ መንገዱ ሲወራ ትራንስፎርመር ይነሣል፣ ሽቦ ይነሣል፣ የዘመመ ምሰሶ ይነሣል። ሽቦውን ከምሰሶው ጋር አስሮ የሚይዘው፣ አስሮም ሳያነካካ የሚያኖረው ትንሽ ዕቃ ግን ስሙ እምብዛም አይጠራም።

ሠራተኞቹ «ስኒ» ይሉታል፤ መዝገብ ላይ ሲሰፍር «ኢንሱሌተር» ይሆናል። በየሰፈሩ ምሰሶ ጫፍ ላይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ሸክላ ነው። ከከተማ ወጣ ሲባል፣ በትልልቆቹ የብረት ማማዎች ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ የሚንጠለጠለው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴ ብልጭ የሚለው ደግሞ መስታወት ነው።

ሥራው ሁለት ነው፤ ሁለቱም አይስማሙም። ሽቦ ከባድ ነው፣ ንፋስም ይወዘውዘዋል፤ ስለዚህ አጥብቆ የሚይዘው ይፈልጋል። አጥብቆ በመያዝ ብረትን የሚያህል የለም፤ ነገር ግን ብረት ኮረንቲውን ተቀብሎ በምሰሶው በኩል ወደ መሬት ይሰደዋል። ኮረንቲ ወደ መሬት የሚያደርሰው መንገድ ካገኘ ይሄዳል፤ መንገዱ ምሰሶ ይሁን ዛፍ፣ ወይም መሰላል የተደገፈ ሰው፣ አይመርጥም። ሸክሙን የሚችል፣ ኮረንቲውን ግን የማያሳልፍ ነገር ሲፈለግ የተገኙት መስታወትና ሸክላ ናቸው። ሁለቱም ሲጫኗቸው ብርቱ፣ ሲጎትቷቸው ደካማ ስለሆኑ የብረት ቆባቸውና ዘንጋቸው የሽቦውን ጉተታ ወደ ጫና እንዲለውጥ ተደርጎ ይገጠማል።

ቅርጹን አስተውሉት። ረከቦት ላይ እንደተደፋ የቡና ስኒ አፉ ወደ ታች ነው። ዝናብ ጀርባውን ሲያርሰው ሆዱ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ሆዱ ውስጥ ደግሞ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ቀለበት በቀለበት የሆነ እጥፋት አለ። ከሽቦው ተነሥቶ በስኒው ገጽ ላይ እየተሳበ ምሰሶው ጋ ለመድረስ የሚሞክር ኮረንቲ እያንዳንዱን ሽንሽን መውጣትና መውረድ ግዴታው ነው። ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ አንድ የከፍተኛ መስመር ስኒ በዚህ ብልሃት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የገጽ መንገድ ይሰጣል።

አሁን ወደ ካፊያው። ደረቅ አቧራ ብቻውን ጉዳት የለውም። ንጹሕ የዝናብ ውሃም ብቻውን ኮረንቲ እምብዛም አያስተላልፍም። ጣጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። አቧራው ውስጥ ጨው አለ፣ ሲሚንቶ አለ፣ የመኪና ጥቀርሻና የወፍ ኩስ አለ። ካፊያ፣ ጤዛ ወይም ጉም ይህን ሁሉ ያረጥበዋል እንጂ አያጥበውም፤ ስኒው ላይ ኮረንቲ የሚያስተላልፍ ስስ ጭቃ ይለጠፋል። በጭቃው ላይ ጥቂት ኮረንቲ ሾልኮ ማለፍ ይጀምራል። ሲያልፍ ያሞቀዋል፣ የሞቀው ይደርቃል፤ መጀመሪያ የሚደርቀው ደግሞ መተላለፊያው የጠበበበት ወገብ ነው። እዚያ ላይ ቀለበት የመሰለ ደረቅ መስመር ይወጣል። በስኒው ገጽ ሁሉ ተበትኖ የነበረው ቮልቴጅ በዚያች ቀጭን ቀለበት ላይ ይከመራል፤ በላይዋ ያለው አየር አይችለውም፣ ብልጭታ ይዘላል። በጉም ሌሊት ምሰሶ ሥር ስታልፉ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ወይን ጠጅ የመሰለ ብልጭታ አይታችሁ ከሆነ እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ እዚያው ይከስማል። አንዳንዴ ግን ቀለበቱ እየሰፋ፣ ብልጭታው እየረዘመ ሄዶ ከሽቦው እስከ ምሰሶው በአንድ ጊዜ ይቀጣጠላል። ማከፋፈያ ጣቢያው ውስጥ ያለው ብሬከር መስመሩን ይቆርጣል።

ዶፍ ግን አጣቢ ነው። ሐምሌ ሲገባ ስኒዎቹ ከበጋው ቆሻሻ ጸድተዋል። በክረምት ለሚጠፋው መብራት ብዙ ጊዜ ተጠያቂዎቹ ሌሎች ናቸው፦ መብረቅ፣ ንፋስ፣ ሽቦ ላይ የወደቀ ቅርንጫፍ።

መሐንዲሶች ይህን ጠባይ በቁጥር አስረውታል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ቮልት የመስመር ቮልቴጅ ስንት ሚሊ ሜትር የገጽ መንገድ ያስፈልጋል? በተለመደው ስሌት አየሩ ንጹሕ በሆነ አካባቢ 16፣ እጅግ በቆሸሸ አካባቢ 31 ነው። በ132 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ይህ ማለት ከ2 ሜትር ትንሽ አለፍ የሚለው መንገድ ወደ 4 ሜትር ያድጋል ማለት ነው። እንግዲህ ሙገር ወይም ድሬዳዋ በሲሚንቶ ፋብሪካ አጠገብ የሚያልፍ መስመርና ጫካ ለጫካ የሚያልፍ መስመር አንድ ዓይነት ስኒ ቢሰቀልባቸው አንዱ ይበቃዋል፣ ሌላው ያንሰዋል። ሲሚንቶ ደግሞ ከአቧራም የከፋ ነው፤ ሲረጥብ ስለሚጋገር ዶፍም አይነቅለው። የአፋር ጨዋማ አቧራም የራሱ ጣጣ አለው።

ሌላም ለኛ አገር የተለየ ነገር አለ፤ እሱም ከፍታው ነው። ሽቦውንና የብረት ማማውን የሚለያያቸው ስኒው ብቻ አይደለም፣ በዙሪያው ያለው አየርም ነው። ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር አየር 30 ኪሎ ቮልት ገደማ ይችላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሯጮቻችንን ያበረታው ስስ አየር ለሽቦ አይመቸውም፦ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል የመከላከል ጉልበቱን ያጣል። የፋብሪካ ካታሎግ ላይ የሚታተመው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ነው። ለደጋ የሚገዛ ሰው ራሱ አስልቶ መጨመር አለበት። በእኔ እምነት በጨረታ ሰነድ ላይ ከዋጋው ቀድሞ መነበብ ያለበት መስመር ይኼ ነው።

ስኒ ከመብራት ይቀድማል። ሳሙኤል ሞርስ በ1844 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተንን ከባልቲሞር የሚያገናኘውን 64 ኪሎ ሜትር ያህል የቴሌግራፍ መስመር ሲዘረጋ መጀመሪያ ያሰበው ሽቦውን በእርሳስ ቱቦ ከትቶ መሬት ውስጥ መቅበር ነበር። የሽቦው ሽፋን ስላልያዘለት ቁፋሮውን ትቶ ምሰሶ ላይ ሰቀለው፤ ከእንጨቱ ለመለየትም መስታወት ተጠቀመ። የቴሌግራፍ ኮረንቲ ትንሽ ነው፣ ብልጭታ ዘሎ መስመር አይጥልም። ሥጋቱ ሌላ ነበር። በዝናብ ቀን በእያንዳንዱ እርጥብ እንጨት ጥቂት ጥቂት እየሾለከ፣ ምሰሶው በመቶና በሺህ ሲቆጠር፣ መልእክቱ ከመድረሻው ሳይደርስ አልቆ ይቀራል። የተቀደደ ጆንያ ጤፍ ተሸክሞ ገበያ እንደመሄድ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስኒዎች ውስጣቸው ልሙጥ ስለነበር ከእንጨት ዘንጉ ላይ እየተነሡ ይወልቁ ነበር። በ1865 እ.ኤ.አ. ሉዊ ኮቬ የተባለ ሰው በመስታወቱ ውስጥ እንደ ብሎን ጥርስ አውጥቶ በዘንጉ ላይ የሚጠመዘዝ ስኒ በስሙ አስመዘገበ። በ1893 ደግሞ ሄሚንግሬይ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የስኒውን ከንፈር ውሃ ጠብታ ሆኖ እንዲወርድ የሚያደርጉ ጥቃቅን ጥርሶች አስመዘገበ። እኛም ዘንድ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ሲዘረጋ ሽቦው የተጓዘው በምሰሶ ነው። «የስልክ እንጨት» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በአፋችን አለ፤ ስልኩ ከእንጨቱ ከወረደ በኋላም እንኳ።

አጎቴ ቤት መደርደሪያ ላይ ከባቡር ሐዲድ ዳር የተገኘ ነው የሚባል አንድ አረንጓዴ የመስታወት ስኒ ነበር፤ ጧፍ ማቆሚያ አድርገውት። ልጅ ሆኜ ቀለሙ ሆነ ተብሎ የተቀባ ይመስለኝ ነበር። ከአሸዋው ውስጥ ያለ ብረት ነው የሚያቀልመው። ብረቱን ለማደብዘዝ ማንጋኒዝ የተጨመረባቸው የድሮ ስኒዎች ደግሞ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታቸው ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣሉ፤ አሜሪካ ውስጥ እነዚህን እያደኑ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ።

ቮልቴጁ ሲጨምር አንድ ስኒ አይበቃም፤ ተሰካክቶ ይንጠለጠላል። ከአዲስ አበባ ስትወጡ ማማዎቹን እያያችሁ ቁጠሩ፦ ስምንት ወይም አሥር ከሆነ 132 ኪሎ ቮልት፣ ከሃያ ካለፈ 400 ኪሎ ቮልት ብላችሁ ብትገምቱ ብዙ አትስቱም። ሸክሙን እኩል አይካፈሉም። ከሽቦው አጠገብ ያለው የመጨረሻው ስኒ ከሁሉም የበለጠ ቮልቴጅ ይወድቅበታል፤ በከፍተኛ መስመሮች ላይ ከሽቦው አጠገብ የምታዩት የብረት ቀለበት ይህን ጫና ለማከፋፈል የተደረገ ነው።

እዚህ ላይ ነው መስታወት ሸክላን የሚበልጠው። የዛሬው የመስመር መስታወት እንደ መኪና የጎን መስታወት የጠነከረ ነው። ቀይ እስኪሆን ካጋሉት በኋላ ገጹን በአየር ድንገት ያቀዘቅዙታል። ገጹ ቀድሞ ይጠነክራል፤ ውስጡ ዘግይቶ ሲኮማተር ገጹን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ እንዲህ ተወጥሮ ይኖራል። ሲጎዳ ታዲያ መሰንጠቅ የሚባል ነገር አያውቅም። ቀሚሱ በሙሉ ብትንትን ብሎ ይረግፋል፣ ቆቡ ውስጥ የተቀረቀረው ጉቶ ግን ሽቦውን እንደያዘ ይቆያል። መስመሩ አይወድቅም። ባለሞያውም መሬት ላይ ቆሞ በዓይኑ፣ ቢበዛ በመነጽር፣ «ከመቁጠሪያው ሦስተኛው ጎድሏል» ብሎ ይመዘግባል። ሸክላ ቆቡ ውስጥ ሊሰነጠቅና ከውጭ ግን ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ሞቶ ከሕያዋን ጋር ተሰልፎ ይቆማል፤ ለማግኘት መውጣትና በመሣሪያ መለካት ያስፈልጋል። እንዲህ ባለ ስኒ ውስጥ የመብረቅ ቀን ኃይለኛ ኮረንቲ ሲያልፍ ቆቡ ሊፈነዳና ሽቦው ሊወርድ ይችላል።

አዲሱ ተወዳዳሪ ሲሊኮን ጎማ የለበሰው ፋይበር ዘንግ ነው። ቀላል ነው፣ ድንጋይ አይሰብረውም፣ ውሃው ላዩ ላይ ስለማይዘረጋ እንደ ኮባ ቅጠል ጠብታ ሆኖ ይንከባለላል። ለሲሚንቶና ለጨው አካባቢ የሚመረጥበት ምክንያት ይህ ነው። ድክመቱ እንደ ሸክላው ነው፦ ውስጡ ሲታመም አይናገርም። ተራራና ገደል አቋርጦ መኪና በማይደርስበት የሚያልፍ መስመር ላላት አገር፣ የተሰበረውን ከሩቅ የሚያሳይ ዕቃ ዋጋው ከካታሎጉ ይበልጣል ባይ ነኝ።

መስታወት ግን አንድ ክፉ ጠላት አለው፤ ሲረግፍ ያስደስታል። ወንጭፍ ለያዘ ልጅ ከዚህ የተሻለ ዒላማ የለም፣ ጠመንጃ ለያዘ ጎልማሳም እንዲሁ። የማማ ብረት እየፈታ የሚሸጠውን ሌባ ሁሉም ያወግዘዋል። ስኒ ላይ የሚተኩሰውን ግን እንደ ቀልድ እናየዋለን። ልጁን ከመቅጣት ይልቅ ያ የረገፈ ስኒ የእናቱን ወፍጮ ቤት እንደሚያቆም ማሳየቱ ይሻላል።

በከተሞች ደግሞ የእንጨት ምሰሶ በኮንክሪት እየተተካ ነው። ደግ ሥራ ነው፤ ባሕር ዛፍ ከሥሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይበላዋል። ይባስ ብሎም የቆሸሸ ስኒ በካፊያ ሲያሾልክ ኮረንቲው ብሎኑ በገባበት ቦታ እንጨቱን ቀስ እያለ ያከስለዋል። በዝናብ ቀን የምሰሶ አናት ሲቃጠል ማየት እንግዳ ቢመስልም ምክንያቱ ይኼው ነው። ግን ደረቅ እንጨት ራሱ ግማሽ ስኒ ነበር። መብረቅ መስመር ሲመታ ስኒው ብቻውን አልነበረም፣ እንጨቱ ያግዘው ነበር። ኮንክሪት ሆዱ ውስጥ ፌሮ ብረት አለው፤ እገዛው ይቀራል። ምሰሶው ተቀይሮ ያው የድሮ ስኒ ከተሰቀለበት መስመሩ ቆሞ ሲታይ አዲስ፣ መብረቅ ሲመጣ ግን ከቀድሞው የደከመ ይሆናል። ዜናው ስንት ምሰሶ እንደተተከለ ይነግረናል። ስኒውስ አብሮ አደገ ወይ?

ብረትና ኮንክሪት ያመጡት ሌላ ሰለባ አለ። ወፍ ሽቦ ላይ ቆማ የማትሞተው አንድ ነገር ብቻ ስለነካች ነው፤ ኮረንቲው በእሷ በኩል የሚሄድበት የለውም። ክንፉ ሰፊ የሆነ ጥንብ አንሳ ግን ከመሬት ጋር በተያያዘ የብረት አግዳሚ ላይ ሲያርፍ በእግሩና በሽቦው መካከል ያለው አንዲት አጭር ስኒ ብቻ ናት። ክንፉን ዘርግቶ ሽቦውን ሲነካ ያልቃል፤ መስመሩም አብሮት ይቋረጣል። ፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ የተሠራ አንድ መስመር የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባለውን ብርቅ አሞራ ለአሥርተ ዓመታት ሲፈጅ ኖሮ በ2014 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት ወጥቷል። የዚያው አሞራ ዘመዶች ከቱርክና ከባልካን ተነሥተው አፋር ላይ ይከርማሉ። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ረዘም ያለ ስኒ፣ ወይም ሽቦውን ከአግዳሚው በታች ማንጠልጠል።

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም 500 ኪሎ ቮልት መስመር ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። እዚያ የሚሄደው አቅጣጫውን የማይቀያይር ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው። እንዲህ ያለው መስመር ልክ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን መስታወት አቧራ ወደ ራሱ ይስባል፤ ስኒው ከሌላው መስመር ቶሎ ይቆሽሻል፣ የብረት ዘንጉም ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ረጅም የገጽ መንገድ ያለው፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ስኒ ይፈልጋል።

ማጠብ ያዋጣል። እስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎች ሄሊኮፕተር ማማ አጠገብ ቆሞ ስኒ ላይ ውሃ ሲረጭ አይታችሁ ይሆናል፤ ደረቁ በጋ ያከማቸውን አቧራና የባሕር ጨው ጤዛ ሳይደርስበት ለማንሣት ነው። እኛ ሄሊኮፕተር አያስፈልገንም። መስመሩን ለጥቂት ሰዓት አጥፍቶ በጨርቅ መወልወል፣ ከበልግ በፊት፣ በተለይ በሲሚንቶና በአቧራማ መንገድ ዳር ላሉ መስመሮች፣ ብዙ ሻማ ያስቀራል። አስቀድሞ በማስታወቂያ የተነገረ የሁለት ሰዓት ጨለማ ድንገት ከሚመጣው ይሻላል።

ከእኛም አንድ ነገር ይጠበቃል። 905 ደውላችሁ «መብራት ጠፋ» ስትሉ ሠራተኛው የሚያውቀው መጥፋቱን ብቻ ነው። ካፊያ ባካፋበት ሌሊት የትኛው ምሰሶ ላይ ብልጭታ እንዳያችሁ፣ የቱ ጥዝዝ እንዳለ ያኔውኑ ንገሩት፤ ከምሰሶው ግን ራቁ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጭቃው ይደርቃል፣ ስኒው ዝም ይላል። መሰላል ይዞ የሚመጣው ባለሞያም ከሥር ቆሞ ቀና ሲል የሚያየው ደህና የሚመስል ስኒ ነው።